ለጨዋታ የሚሆን ውሃ አለ

«ውሃ በፈረቃ እየመጣ፣ ጭራሽ ልጅ ይንቦጫረቅበት?» ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ፣ ከቤቴል እስከ አጠና ተራ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ የሚኖሩ ወዳጆቼ ስለ ውሃ ጨዋታ ባነሳሁ ቁጥር የሚመልሱልኝ ይህንን ነው። እውነታቸውን ነው። ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው ውሃ ሲደፋ ማየት ያመዋል። እኔ ግን ክፍት ስለተተወ ቧንቧም ሆነ ስለ መዋኛ ገንዳ አላወራም። የማወራው ስለ አንድ ጆግ ውሃ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ሽንት ቤት በባልዲ ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ ከ5 ሊትር በላይ ይሄዳል። የሁለት ዓመት ልጅ ሳፋ ፊት ተቀምጦ፣ እጅጌው ተጠቅልሎ፣ ዓለምን ረስቶ እንዲጫወት ግን ሁለት ሊትር ይበቃዋል። ከዚያም በላይ ደግሞ ውሃው አያልቅም! ልጁ ተጫውቶበት ሲነሳ ወለል ይወለወልበታል፣ በጣሳ የተተከለው ጤና አዳም ይጠጣዋል፣ ሽንት ቤት ይለቀቅበታል። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ የያዝኩት ደንብ አንድ ነው፦ ለጨዋታ ብሎ ውሃ መቅዳት የለም፤ ለሌላ ሥራ የተቀዳ ውሃ ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት ልጁ ዘንድ ጥቂት ይቆያል። የወለሉን ውሃ ቅዱ፣ ሳሙናውን ከመጨመራችሁ በፊት ለልጁ ስጡት፣ ሲጨርስ ውሰዱት። ይቺን ልማድ ካመጣችሁ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ በፈረቃ ውሃ ቤትም ይሠራል።

ለምን ውሃ? አሻንጉሊት መኪና ቢገፉት ይሄዳል፣ ባይገፉት ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ ይሰለቻል። ውሃ ግን ልጁ ባደረገው ልክ መልስ ይሰጠዋል። ቀስ ብሎ ቢያዘነብለው ቀጥኖ ይወርዳል፣ ድንገት ቢገለብጠው ይረጨዋል፣ በመዳፉ ቢመታው ይጮኻል፣ ሊይዘው ቢሞክር በጣቶቹ መሃል ያመልጠዋል። ልጁ በራሱ እጅ ምክንያትና ውጤትን እየፈተነ ነው። ሲሳሳትም የሚቆጣው ሰው አያስፈልግም፤ ውሃው ራሱ ይነግረዋል።

ከሁሉ በፊት ማንቆርቆር ይምጣ። ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባለችው ጣሊያናዊት ሐኪም በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሠፈር የመጀመሪያዋን የሕፃናት ቤት ከፈተች። ዛሬ በየአገሩ በስሟ በሚጠሩ መዋዕለ ሕፃናት ውሃን ከትንሽ ጆግ ወደ ብርጭቆ መቅዳት ሕፃናት በጊዜ ከሚለማመዷቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ትምህርቱ ለእኛም ቤት እንግዳ አይደለም። ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዞ እንግዳ ማስታጠብ የልጅ ድርሻ ሆኖ ኖሯል፤ ቧንቧና መታጠቢያ ገንዳ በየቤቱ ሲገባ ነው እየተረሳ የመጣው። እኔ ይህ ልማድ ቢመለስ እወዳለሁ።

በቅርቡ ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። አራት ዓመት የሆናት ልጅ ትንሽዬ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ተሰጣት፤ ውሃው ሲሶዋን ብቻ ነው የሞላው። ማስታጠቢያውን ታላቅ ወንድሟ ያዘላት። ቀድማ የሄደችው ወደ አያቷ ነው። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ በሁለት እጇ አንስታ አዘነበለች፤ ውሃው ዘሎ ክርናቸው ላይ አረፈ። አያቷ ምንም አላሉም፤ እጃቸውን ብቻ ፈጠን አድርገው ወደ ውሃው አመጡት። ሁለተኛው ሰው ጋ ስትደርስ ዓይኗን ከእጃችን ላይ አንስታ የማንቆርቆሪያው አፍ ላይ አሳረፈች። እኔ ጋ ስትደርስ ደግሞ ማዘንበል ብቻ ሳይሆን ማቆምም ጀምራለች። ማቆም ነው ከባዱ፤ ውሃው ከመብቃቱ በፊት እጅን ቀና ማድረግ ይጠይቃል። «እደጊ ልጄ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» አሏት አያቷ። ልጅቷም ምርቃቱን ሰምታ አልጠገበችም መሰል፣ የታጠበውን ሁሉ እንደገና ላስታጥብ አለች።

በዚያች ደቂቃ ምን እንደተማረች እዩ። የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎ ነው፤ እየፈሰሰ ሲሄድ ማንቆርቆሪያው ይቀላል፣ የውሃው ከፍታ ይወርዳል፣ ስለዚህ ያው መጠን እንዲወርድ በየጊዜው ጨመር አድርጋ ማዘንበል አለባት። የእጅ አንጓዋ በየቅጽበቱ ይህንን ያሰላል። ነገ እርሳስ የሚይዘው፣ ቁልፍ የሚቆልፈው፣ የጫማ ክር የሚያስረውም ይኸው አንጓ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ሌላ አለ፦ ሰው ማገልገል፣ ታላቅን ማስቀደም፣ መመረቅ። ይህን ሁሉ በአንዴ የሚያስተምር መጫወቻ ሱቅ ሄዳችሁ ፈልጉ፣ አታገኙም።

ቤት ውስጥ ለመጀመር ትሪ ላይ ሁለት ኩባያ አስቀምጡ፣ አንዱን ግማሽ ሙሉት፣ አጠገቡ እስፖንጅ ወይም ቁራጭ ጨርቅ አድርጉ። ጨርቁ የጨዋታው አካል ነው፤ የፈሰሰውን ልጁ ራሱ ይጠርጋል፣ ጨምቆ ወደ ኩባያው ይመልሳል። ጨርቅ መጭመቅ ደግሞ ለጣት ጡንቻ ትልቅ ሥራ ነው። ገና መቀመጥ ለጀመረ ሕፃን ትሪ ላይ ጣት የማያሰጥም ውሃ ይበቃዋል፤ እናቱ ወይም አባቱ አጠገቡ ሆነው እየመታ ይሳቅ። ሁለት ዓመት ሲደርስ ጭልፋና የሻይ ማጥለያ ስጡት፤ ጭልፋው ለምን እንደሚይዝ፣ ማጥለያው ለምን እንደማይዝ ሲመረምር ይቆያል። ከሦስት ዓመት በኋላ በብርጭቆው ላይ በማርከር መስመር አስምሩና «እዚህ ድረስ ሙላልኝ» በሉት። ይሄኔ አብራችሁ አውሩ፦ ሞላ፣ ጎደለ፣ ተረፈ፣ ፈሰሰ፣ ተንጠባጠበ። ልጅ ቃል የሚይዘው ነገሩ በእጁ ላይ እያለ ሲሰማ ነው።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደውን ላሳያችሁ። ዣን ፒያዤ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የልጆች አእምሮ ተመራማሪ ነበር። እሱ ያደረገውን ሙከራ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ልትደግሙት ትችላላችሁ። ሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆ አምጡና እኩል ውሃ አድርጉባቸው። አራት ወይም አምስት ዓመት የሆነውን ልጅ «እኩል ናቸው?» ብላችሁ አስማሙት። ከዚያ ልጁ እያየ የአንዱን ውሃ ወደ ቀጭንና ረጅም ዕቃ ገልብጡት፤ ቀጠን ያለች ሃይላንድ ትሆናለች። «አሁንስ የቱ ይበዛል?» በሉት። አብዛኞቹ ልጆች ያለ ማመንታት ረጅሙን ያሳያሉ። ዓይናቸው እያየ ነው የተገለበጠው፣ ምንም አልተጨመረም፤ ግን ከፍ ብሏልና በዝቷል ይላሉ። ወደ ብርጭቆው ስትመልሱት ደግሞ እኩል ናቸው ይሏችኋል፣ ምንም ግራ ሳይገባቸው።

እባካችሁ አትሳቁበት፣ አታርሙትም። ልጁ አልዋሸም፣ ሞኝም አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ ቁመትና ስፋትን በአንድ ጊዜ ይዞ ማመዛዘን ገና አልደረሰለትም። ወደ ሰባት ዓመት ሲጠጋ አንድ ቀን «ያው እኮ ነው፤ ይሄ ረጅም ነው ግን ቀጭን ነው» ይላችኋል። ያቺን ቀን ንግግር ብቻውን አያመጣትም፤ ደጋግሞ መገልበጥ ግን ያግዛል። ሁለት ልጆች ያሏችሁ ደግሞ አንድ ነገር ታተርፋላችሁ፦ ለታናሹ ጭማቂ በቀጭኑ ብርጭቆ ስትሰጡት ለምን ጠቡ እንደሚበርድ ይገባችኋል።

መስመጥና መንሳፈፍ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ማዕድ ቤቱን ክፈቱና ልጁ ይሞክር። ሽንኩርት ይንሳፈፋል፣ ድንች ይሰምጣል፣ ቃሪያ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ይንሳፈፋል፣ ሻማ ይንሳፈፋል፣ ምስማር ይሰምጣል። ከመጣሉ በፊት ግን ግምቱን ጠይቁት፤ ጨዋታው ያለው ግምቱ ላይ ነው። ብርቱካን ከነልጣጩ ጣሉ፣ ይንሳፈፋል፤ ላጡትና መልሳችሁ ጣሉት፣ ይሰምጣል! ቀለለ እንጂ አልከበደም፣ ታዲያ ለምን? ልጣጩ ውስጥ ብዙ አየር ስላለ ነው። ልጣጩ ለብርቱካኑ መንሳፈፊያ ጃኬቱ ነበር።

እንቁላልም እንደዚሁ። ዶሮ ወጥ የምትሠራ እናት እንቁላሉን ውሃ ውስጥ አስቀምጣ እንደምትፈትን ታውቃላችሁ፤ ትኩሱ ይሰምጣል፣ የቆየው ውስጡ አየር ስለሚበዛ ይንሳፈፋል። ትኩሱን እንቁላል ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አድርጉና ልጁ ጨው በሾርባ ማንኪያ እየጨመረ ያማስል፤ አራተኛው ማንኪያ አካባቢ እንቁላሉ ቀስ ብሎ ከታች ይነሳል። ጨው ውሃውን ስላከበደው ነው። ከኩሽናችን ጨው አብዛኛው የሚመጣው ከአፋር፣ ከአፍዴራ አካባቢ ነው፤ እዚያ ያለው ውሃ እጅግ ጨዋማ ስለሆነ ሰውን ያንሳፍፋል። ለልጁ ይህን ስትነግሩት እንቁላሉን እያየ ያምናችኋል። ይህ የጨው ውሃ ግን አበባ ላይ አይደፋ፤ ለሽንት ቤት ይሁን።

ቡና የተፈላበት ቄጤማ በማግስቱ ከመጣሉ በፊት ደግሞ አንድ እፍኝ አስቀሩ። እኩል ቁረጡት፣ በክር በሁለት በኩል እሰሩት፣ ጫፉን ቀና አድርጉት። ሳፋው ላይ ስታስቀምጡት የጣና ታንኳ ሆነላችሁ። ታንኳ የሚሠራበት ደንገልና ቄጤማ ዘመዳሞች ናቸው፤ ደንገሉ ግንዱ ውስጥ አየር ስለያዘ ነው ሰውና ጭነት ችሎ የሚሄደው። ልጁ ጠጠር እየጫነ ስንት እንደሚችል ይቁጠር። መቁጠርን በዚህ የለመደ ልጅ አይረሳውም።

አሁን ወደ ኮንዶሚኒየም ሰዎች ልምጣ፤ ይህ ጨዋታ ለእናንተ ነው። ባዶ ሃይላንድ ወስዳችሁ ምስማር በእሳት አግላችሁ (ይህን አዋቂ ብቻ ያድርገው) በአንድ መስመር ከላይ ወደ ታች ሦስት ቀዳዳ ብሱበት፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ ከሥር። ቀዳዳዎቹን በእስኮች ሸፍኑና ውሃ ሙሉ። ጠርሙሱን በርጩማ ላይ፣ ሳፋውን ከፊቱ ወለል ላይ አድርጉ። ልጁ እስኮቹን በአንድ ጊዜ ይላጠው። ከላይኛው ቀዳዳ የሚወጣው ውሃ ደከም ብሎ እዚያው ሥር ይወድቃል፤ የታችኛው ግን ተወርውሮ ሩቅ ይሄዳል። ምክንያቱም የታችኛው ላይ የተጫነው ውሃ ብዙ ነው። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ፍንጣቂው ሁሉ እየደከመ፣ ወደ ጠርሙሱ እየተጠጋ ይመጣል፤ ልጆች ይህን በጣም ይወዱታል፣ ጣታቸውን እየደቀኑ ይከተሉታል።

ትልቅ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ቀጥሉበት። አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ጠፍቶ ምድር ቤት ያለችው ጎረቤታችሁ የምታጥበው ለምን እንደሆነ መልሱ ይኸው ጠርሙስ ውስጥ ነው። ውሃን 10 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት የሚያስፈልገው ግፊት አየሩ ሁላችንም ላይ ከሚያሳድረው ግፊት ጋር በባሕር ጠለል ላይ እኩል ነው። አንዱ ፎቅ ሦስት ሜትር ቢሆን አራተኛ ፎቅ 12 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። በመስመሩ ያለው ግፊት ከዚያ ካነሰ ውሃው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቧንቧውን ብትከፍቱት አየር ብቻ ይተነፍሳል። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛና ቧንቧ ሲዘጋ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ያኔ ነው እናንተ ጋ የሚደርሰው። በሌሊት ተነስታችሁ ጀሪካን የምትሞሉት ለዚህ ነው። ሮቶ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከፍታው ራሱ ግፊት ይሆናል። አዲስ አበባ ደግሞ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ በብዙ መቶ ሜትር የምትወርድ ከተማ ናት። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣውን ውሃ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ነው። ከእኛ በስተ ምዕራብ አምቦ መንገድ ላይ ያለው ገፈርሳ ግን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ከዚያ የሚመጣው ወደ ከተማዋ ይወርዳል። ስድስትና ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ይህንን ሁሉ ባይይዘውም «ውሃችን ከየት ነው የሚመጣው?» ማለት ይጀምራል፣ እሱም ትልቅ ነገር ነው።

ሌላ ጠርሙስ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ከሥሩ ብሱ። ሙሉትና ክዳኑን ጥብቅ አድርጉት፤ ውሃው ይቆማል። ክዳኑን ላላ አድርጉት፤ ይወርዳል። መልሳችሁ አጥብቁት፤ ይቆማል። የሚወጣውን ውሃ ቦታ የሚይዝ አየር ካልገባ ውሃው አይወጣም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ጊዜ በየደጁ ጀሪካን ተንጠልጥሎ እጅ ስንታጠብ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ይህቺ ጠርሙስም በረንዳ ላይ ብትንጠለጠል የልጁ የግሉ እጅ መታጠቢያ ትሆናለች። በቆጣቢነቷ ደግሞ የሚደርስባት የለም። በራሱ ክዳን ከፍቶ በራሱ የሚታጠብ ልጅ እጅህን ታጠብ እየተባለ አይለመንም።

ሰማዩ ጥርት ባለ በበጋ ቀን ደግሞ አንድ ኩባያ ውሃና አሮጌ የቀለም ብሩሽ ለልጁ ሰጥታችሁ ግቢው ሲሚንቶ ላይ ወይም ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ይሳል። እርጥቡ ሲሚንቶ ጠቁሮ ይታያል፣ ሥዕሉ ቁልጭ ይላል። «በ» ብሎ ጽፎ «ቡ»ን ሲጨርስ የመጀመሪያው ከዳር ከዳር እየነጣ መጥፋት ይጀምራል፤ ቀጭኑ መስመር ቀድሞ፣ ወፍራሙ ጠብታ ያለበት ቦታ መጨረሻ። አንዱን ፀሐይ ላይ፣ አንዱን ጥላ ሥር ጽፎ የቱ ቀድሞ እንደሚጠፋ ይጠብቅ። «የት ሄደ?» ሲላችሁ መልሱን ቶሎ አትስጡት፤ እሱ ምን እንደሚያስብ ጠይቁት። «መሬቱ ጠጣው» ይላችሁ ይሆናል፣ ጥቂቱን በእርግጥም ጠጥቶታል። «ታዲያ ልብስ ገመድ ላይ ሲደርቅ ማን ጠጣው?» በሉት። ፊደል መለማመጃ ብላችሁ ብትወስዱት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ደብተር የለም፤ ስህተቱ ራሱ ይጠፋል፣ ልጁም አይፈራም።

«ብርድ ይመታዋል፣ ጉንፋን ይይዘዋል» ለሚሉ እናቶችና አያቶች ግማሽ መብታቸውን እሰጣለሁ። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ እንጂ ከውሃ አይደለም፤ እጁን የነከረ ልጅ በዚያ ምክንያት አይታመምም። ነገር ግን እርጥብ ልብስ ሲደርቅ ሙቀቱን የሚወስደው ከልጁ ገላ ነው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ የአዲስ አበባ ብርድ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ ባለበት ይሁን፤ ደረቅ ልብስና ፎጣ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ጠቆር ባለ ሳፋ ጠዋት ፀሐይ ላይ የወጣ ውሃ እስከ ቀትር ለብ ይላል፤ ያለ ማገዶ ያለ መብራት። ሕፃን የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ብቻ አድርጉት። ከምድጃ የፈላ ውሃ የምትቀላቅሉ ከሆነ ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን አስቀድሙ። በከተማችን ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ ቢሆንም የልጅን ቆዳ በቅጽበት ይልጣል። ለመስጠት ስትዘጋጁ በክርናችሁ ሞክሩት።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምለው አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2021 ብቻ በዓለም ወደ 300 ሺህ ሰው በውሃ ሰጥሞ ሞቷል፤ ወደ ሩብ የሚጠጋው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ሕፃን ለመስጠም ወንዝ አያስፈልገውም። ጭንቅላቱ ከገላው አንጻር ከባድ ስለሆነ ባልዲ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ከገባ መውጣት አይችልም፤ ጥቂት ውሃም ይበቃል። ደግሞም አይጮኽም፤ አፉና አፍንጫው ውሃ ውስጥ ነውና ድምፅ የለም። ለዚህ ነው «እሰማዋለሁ» ብሎ ጓዳ መግባት የማይሆነው። ስልክ ቢጮህ፣ በር ቢንኳኳ ልጁን አንስታችሁ ሂዱ። ለታላቅ እህቱ አደራ ሰጥቶ መሄድም አይበቃም፤ እሷም ልጅ ናት። ጨዋታው ሲያልቅ ውሃው ወዲያው ወደ ሥራው ይሂድ፣ ሳፋውም ይገለበጥ። በፈረቃ ምክንያት በየቤታችን የሚቆመው በርሜልና ባልዲ ደግሞ ጨዋታ በሌለበትም ቀን ክዳኑ ይጥበቅ፣ ላዩ ላይ ከባድ ዕቃ ይጫንበት።

በረኪና በሃይላንድ እየተደረገ የሚቀመጥበት ቤት ካለ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። በጠርሙስ መጫወት የለመደ ልጅ ያንንም አንስቶ ይጠጣዋል። የሚጫወትበትን ውሃም መጠጣቱ አይቀርምና፣ ሁሉን ወደ አፉ በሚወስድበት ዕድሜ ላለ ሕፃን የምትሰጡት ውሃ ለመጠጥ የሚሆን ይሁን፤ በርሜል ውስጥ የሰነበተ ከሆነ «ውሃ አጋር» በሚባለው ማከሚያ የታከመ። ትንሹ አቃቂም ሆነ በየሠፈሩ የሚያልፉት ወንዞች ፍሳሽና የፋብሪካ ጥራጊ የሚሸከሙ ስለሆኑ ለልጅ እግር እንኳ አይመከሩም። ጨዋታው ሳፋው ውስጥ ይቅር።

የሳሙና አረፋ ሳልነካ ባልፍ ልጆች ይቀየሙኛል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ውሃና ትንሽ ስኳር አቀላቅሉ፣ ቀለሙ ያለቀ የእስክሪብቶ ቀፎ አንሱና ንፉ። መንፋትና መሳብን ለይቶ ለማያውቅ ትንሽ ልጅ ቀፎውን ሳይሆን ክብ የተጠማዘዘ ሽቦ ስጡት፤ እያውለበለበ ይሩጥበት። በበጋ ቀትር አረፋው ወዲያው ይፈነዳል፣ ክረምት ላይ ግን አየሩ እርጥብ ስለሆነ ይቆያል። ታዲያ አረፋውን ለክረምት አቆዩት።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ፈረቃውም ጀሪካኑም የማያግደው ጨዋታ አለ፤ ዝናብ መለካት። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ ከወሮች ሁሉ ይበልጥ የሚዘንበው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ የድልህ ቆርቆሮ ፈልጉ፣ ጠርዙ እንዳይቆርጥ በእስኮች ሸፍኑት፣ ከጣሪያ ጠብታ ርቆ ገላጣ ቦታ ላይ አስቀምጡና ነፋስ እንዳይገለብጠው ዙሪያውን በድንጋይ ደግፉት። ዘወትር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ልጁ መስመሪያ ይዞ ይውጣ፣ ውሃውን ይለካ፣ ወረቀት ላይ በዚያው ልክ ሰማያዊ መስመር ያስምር፣ ቆርቆሮውን ይድፋ። ነሐሴ ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ የክረምቱን ታሪክ በራሱ እጅ ጽፎታል፦ የቡሄ ሰሞን ምን ያህል እንደዘነበ፣ የትኛው ሳምንት ጋብ እንዳለ።

ሒሳብ የጀመረ ታላቅ ልጅ ካለ አንድ ነገር ይጨመርለት። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ ልክ አንድ ሊትር ነው። የቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ 30 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ሌሊት 10 ሚሊሜትር ቢዘንብ 300 ሊትር ይሆናል፤ 15 ጀሪካን! የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ያጥብና ይለፍ፣ ከዚያ በኋላ አሸንዳው ሥር በርሜል ደቅኑ፣ ከሞላ በኋላም ክዳኑን አጥብቁ።